በቀን አንድ ገመድ

እኛ ሰዎች ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን አይተን ማለፍ አንችልም። መብራት ሄዶ ቢሰነብት ሻማ ገዝተን እንኖራለን። መንገዱ ተቆፍሮ ቢረሳ ዳር ዳሩን እንሄዳለን። ሁለት ጎረቤታሞች ሰላምታ አቋረጡ ከተባለ ግን ሰፈሩ በሙሉ ምግብ አይረጋለትም። ማን ጀመረው? ምን ተባባሉ? ሚስቶቻቸውስ ይነጋገራሉ? እንዲህ ሲባል ይከርምና አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በራችሁን ያንኳኳሉ፤ ተቀመጡ ስትሏቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ችካል ይቆማሉ። "ለእኛ ስትሉ" ይሏችኋል። ልብ በሉ፣ ለእናንተ ስትሉ አላሉም። እውነታቸውን ነው፤ አንዳንዴ ዕርቁ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው።

ይህን የምለው ሽምግልናን ለማጣጣል አይደለም፤ አፌ ቁርጥ ይበል። እኔም በተራዬ ስንቱን አስታርቄያለሁ። የምለው ታርቄ ስለተጎዳሁ ነው።

ጂንካ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ደርግ በወደቀ ሰሞን አንድ ካሜራና አንድ ሻንጣ ይዤ ለጥቂት ወር ብዬ ከደሴ መጣሁ፤ ይኸው ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ። በዚህ ከተማ ካገባውና ከተመረቀው ሰው እኔ ፊት ያልቆመ ጥቂት ነው። አሁን ሁሉም ካሜራውን በኪሱ ይዞ ስለሚዞር ለእኔ የቀረኝ ጉርድ ፎቶ ነው። ጉርድ ፎቶ ደግሞ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ይቀመጣል፣ አትሳቅ ትሉታላችሁ፣ አይስቅም፣ አለቀ። እኔ ደግሞ አርፎ መቀመጥ የማይሆንልኝ ፍጥረት ነኝ። ደንበኛ ሲጠፋ በር ላይ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ፣ የተስተካከለውን መጋረጃ አስተካክላለሁ፣ ባጃጅ አስቆምና ሳልሳፈር ወሬ ጠይቄ አሰናብታለሁ። ባለቤቴ አልማዝ "ወንበሩ ይወጋሃል እንዴ?" ትለኛለች። የሚወጋኝስ ወንበሩ አይደለም። ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቀውም።

የጎን ጎረቤቴ ኢሳያስ ይባላል። ከጎፋ በኩል የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ለመዘምራኑ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ነው። እንጀራው ግን ሞንታርቦ፣ ማይክና ሚክሰር ማከራየት ነው፤ ሠርግ ወይም ስብሰባ ካለ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ እስከ ቀይ አፈር፣ ሲብስም እስከ ኦሞራቴ ይወርዳል። ሲናገር ከኪሱ የሚከፍል ይመስል ቃል ይቆጥባል። እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ ነኝ። ከሁለታችን ሱቅ ጀርባ በጋራ የተከራየናት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ከእኔም ከእሱም ሱቅ በር ይወጣላታል። መጣል ያቃተንን ሁሉ የምናጉረው እዚያ ነው። የእኔ ጀርባቸው ሣጥን የሚያህል ሁለት አሮጌ ቴሌቪዥኖች፣ በካሴት የሚሠራው የሠርግ ካሜራዬ፣ አንድ የቪዲዮ ዴክ፣ የእሱ ድምፁ የሚነጫነጭ ሚክሰርና ግማሽ ቁልፉ የማይሠራ ኪቦርድ።

ነገሩ የተጀመረው በስህተት ነው። ያቺን ባለሦስት ቀለም ገመድ ታውቋታላችሁ፤ ቢጫዋ ለምስል፣ ቀይና ነጯ ለድምፅ። ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ሁሉ ቢጫን ከቢጫ ነው ብሎ ይቆጣል። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ኢሳያስ ኪቦርዱን በቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ሊሞክር ብሎ የኪቦርዱን ድምፅ ምስል መግቢያው ላይ ሰካው። ወፍራሙን ድምፅ ሲነካ የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ሰፋፊ ጥቁርና ነጭ መስመር መጣ። ቀጭኑን ሲነካ መስመሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጠነ። ድምፁን በዓይናችን አየነው! ልጅ ያሳደግን ሁለት ሰዎች እንደ ሕፃን ተያየን። ከዚያ ካሜራዬን አንስቼ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩት፤ የካሜራውን ምስል ወደ ሁለተኛው ቴሌቪዥን፣ ከዚያም ወደ ሚክሰሩ ላክነው፤ ምስሉ ራሱ መጮህ ጀመረ። አንዱን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ስትሰኩት ሁሉም ይለወጣል። ስሙን ጥልፍልፍ አልነው።

በየቀኑ ሥራ ሲቀዘቅዝ መሄጃችን ወደ ጥልፍልፏ ሆነ። ምን ይሠራል ብትሉኝ ምንም አይሠራም። አይሸጥም፣ አይከራይም፣ ለሰው አይታይም። ግን ያቺ የምትወጋኝ ነገር እዚያች ክፍል ውስጥ ስገባ ትተወኛለች። ችግሩ እኔ አፌን መግጠም አለመቻሌ ነበር። ኢሳያስ ገመድ ሲያነሳ "እዚያ አይደለም፣ እዚህ" እላለሁ። ሲሰካ እነቅልበታለሁ። ስነቅል ለምን እንደነቀልኩ አስረዳለሁ። አስረድቼ ስጨርስ ወይ መብራቱ ሄዷል ወይ ኢሳያስ።

ከዚያ ያ ሠርግ መጣ። የጎረቤታችን ልጅ ሲያገባ በሙሽራው በኩል እንድናገር ተጠየቅኩ። ማይኩን ያዝኩ፤ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ናስትሮ የተጠመጠመበት የኢሳያስ ማይክ ነው። ከሙሽራው አያት ጀመርኩ። ከእሳቸው ወደ አባትየው፣ ከአባትየው ጂንካ እንዴት እንደነበረች፣ በዚያ ዘመን አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ከብቶቹ ከሜዳው እንዴት እንደሚባረሩ፣ እያልኩ ወደ ሙሽራው መወለድ ስቃረብ ድምፄ ጠፋ። ዞር ስል ኢሳያስ ጣቱ ሚክሰሩ ላይ ነው፤ የማይኩን ድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ እስከ ታች ጎትቶታል። ዓይን ለዓይን ተያየን። አልመለሰውም። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት አፌ ሲንቀሳቀስ ቆየና ተቀመጥኩ። እንዲያ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆንን። በማግስቱ ማለዳ ካሜራዬን ነቅዬ ልወስድ፣ ዕቃዬን ከዕቃው ልለይ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ጥልፍልፏ የመጨረሻ ቀን እንደተውናት ናት። አንድ ገመድ ነቀልኩ። ነቅዬ ልጠቀልላት ሳለ እጄ አላስችል አለኝ፤ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ሰካኋት። ተነጫናጩ ሚክሰር ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ለስላሳ ድምፅ አሰማ። ደነገጥኩ። ካሜራዬን ሳልወስድ ወጣሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ኢሳያስ መዝሙር ልምምድ ከመሄዱ በፊት ወደ ክፍሏ ገባ። እሱም ለካ ኪቦርዱን ሊወስድ ነበር የገባው። ሱቄ ውስጥ ሆኜ በበሩ ሰማሁት። እኔ የተውኩት ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ቆየ፤ ከዚያ አንዴ ቋ አለና ተለወጠ። በሩ ተዘጋ። ጠዋት ስገባ ኪቦርዱ በቦታው አለ፤ የተለወጠችው አንዲት ገመድ ብቻ ናት። እኔ አንድ፣ እሱ አንድ።

እንዲህ ሆነን ከረምን። ማንም ሕግ አላወጣም፤ ጠዋት የእኔ ነው፣ ማታ የእሱ፣ በቀን በነፍስ ወከፍ አንድ ገመድ። የእኔን ሰክቶ የእሱን መንቀል የለም፤ ከተወልህ ላይ ትቀጥላለህ። እንደዚያን ጊዜ ያማረ ነገር ሠርተን አናውቅም። እነ ኢሳያስ ቤት ለቅሶ በነበረበት ሳምንት የምስሉ ብርሃን ሁሉ ዝቅ ብሎ አገኘሁትና አልማዝን ጠይቄ እናቱ መሞታቸውን አወቅኩ። ለቅሶ ደርሼ ከሰው መሀል ተቀመጥኩ እንጂ አላናገርኩትም። በማግስቱ አንዲት ገመድ ነክቼ ትንሽ ብርሃን ሰጠሁት፤ ማታ አልነካውም፣ እንዳለ ተወው። መንገድ ላይ ስንተላለፍ ግን አንገታችንን ጠምዝዘን ነው። የባጃጅ ልጆች ሁለታችንን በአንድ ጉዞ ላለመጫን ይጠነቀቁ ነበር።

አንድ ጠዋት ደግሞ ገባሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ያ ማይክ፣ ባለ አረንጓዴ ናስትሮው፣ ከጥልፍልፏ ላይ ተሰክቷል። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ እኔ በር ያያል። መስተዋቱ ጨለማ ነው። ሳል ያዘኝና ሳልኩ፤ መስመር ብድግ አለ። "እህ" አልኩ፤ መስመሩም እህ አለ። ሌላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ ሳትስቁ ስሙኝ፣ ያንን የሠርግ ንግግር ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ሙሽራው ተወለደ፣ አደገ፣ ተማረ፣ አገባ፤ መረቅኩት። አንድም ሳላስቀር ጨረስኩት። መስተዋቱ እኔ በተናገርኩት ልክ ሲበራና ሲጠፋ ቆየ። ሆዴ ባብቶ ዓይኔን ጠረግኩ። ይቅርታ ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? የዚያን ቀን ገመድ ሳልነካ ወጣሁ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ጋሽ ደምሴ የመጡት። ጋሽ ደምሴ ከዞን መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። አንድ ወንጌላዊና አንድ ሐጂ አስከትለው፣ ኢሳያስንም አስቀድመው ይዘው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ቆሙ። ነገሩ ኮሙኒኬሽን ጋፕ መሆኑን፣ ፕሮሰሱ ግልጽ ውይይት እንደሚጠይቅ አስረዱን። "በየቀኑ እንነጋገራለን እኮ" ልል ነበር። በምን ቢሉኝ ምን እላለሁ? በቢጫ ገመድ?

ጋሽ ደምሴ ኢሳያስን ለምን ማይኩን እንደዘጋ ይናገር አሉት። ኢሳያስ ወለሉን አየ። ወንጌላዊው ጉልበቱን ቸብ አደረጉት።

"ሰው ይስቅ ነበር" አለ በመጨረሻ። "በጋሼ።" ጋሼ የሚለው እኔን ነው።

ከዚያ በኋላ የተባለውን በደንብ አልሰማሁትም። ተነስተን ተቃቀፍን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ሐጂው ዱዓ አደረጉ፣ አልማዝ እንባዋን ጠረገች። እኔ ግን ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። እዚያ ቆሜ ስለ ከብቶቹና ስለ አውሮፕላኑ ሳወራ እነማን እንደሳቁ አንድ በአንድ ፊታቸውን አስብ ነበር። ኢሳያስ ይህን ዓመት ሙሉ በሆዱ ይዞልኝ ኖሯል። ባይናገረው ምን ነበረበት?

ከዕርቁ በኋላ ወደ ክፍሏ አብረን መግባት ግድ ሆነ፤ ታርቀው ለብቻ ለብቻ መግባት ምን ይባላል? በመጀመሪያው ቀን እሱ ገመድ አነሳ፣ እኔ "እዚያ አይደለም" አልኩ። ምላሴን ነክሼ ልተወው ብሞክርም አልሆነልኝም። ስለ ማይኩም ልቤ አላርፍ አለና ጠየቅኩት። ጆሮውን አከከ፣ ወደ በሩ አየ።

"ማይኩ? የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ ነው ጋሼ።"

የማስቀምጥበት አጥቼ! ሱቁ ባዶ ነው እኮ፤ መጋዘን ያክላል። በነጋታው ማይኩ ከጥልፍልፏ ተነቅሎ ሄደ፤ ለኪራይ ተፈለገ አለኝ። እንባዬን የጠረግኩበት ነገር ቦታ ያጣ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ኢሳያስ ሥራ በዛብኝ ማለት ጀመረ። ጠዋት ስገባ ማታ የነካው የለም፤ እኔም ብነካ የሚመልስልኝ እንደሌለ ሳስብ እጄ ይከብደኛል። ገመዶቹ አቧራ ለበሱ። መንገድ ላይ ግን ሰላምታችን ሌላ ነው፤ እንደምን አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ዋል። ባጃጆች አብረው ይጭኑናል። ሰዉ ደስ ብሎታል። ስንኮራረፍ የማውቀውን ሰው ስንታረቅ አጣሁት። በር ላይ መውጣትና መግባት እንደገና ጀመርኩ፤ መጋረጃው በእኔ እጅ ሊበጠስ ምንም አልቀረው። አልማዝ "ዕርቁ አልተስማማህም" አለችኝ። ልክ ነበረች።

ጋሽ ደምሴ ልጃቸውን ሲድሩ ሁለታችንን ጠሩን። ኢሳያስ ሚክሰሩ ላይ፣ እኔ ማይኩ ላይ። ያስታረቁትን ሰው ማሳየት ፈልገው ነው፤ አይፈረድባቸውም። ተራዬ ደረሰና ተነሳሁ። ባለ አረንጓዴ ናስትሮው ማይክ እጄ ገባ። ኢሳያስ ቀና ብሎ አየኝና ቁልፉን እስከ ላይ ገፋው፤ እኔ እንዳየው ቀስ አድርጎ ነው የገፋው። የሙሽሪትን አያት ላነሳ አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት እነዚያ የሳቁት ፊቶች ትዝ አሉኝ፤ ግን የገረመኝ አልተናደድኩም። የምናገረው አልነበረኝም። ያን ሁሉ ለቴሌቪዥኑ ተናግሬ ጨርሼዋለሁ።

ማይኩን ወደ ታች ያዝኩና ወደ ሙሽሪት ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ "ልጄ፣ ትዳርሽ የሰመረ ይሁን፤ ሲያኮርፍሽም ከልብ የማይርቅ ባል ያድርግልሽ" አልኳት። ሳቀች። እሷ ብቻ ነች የሰማችኝ። ሰዉ ያየው አፌ ሲንቀሳቀስ ነው።

"ማይኩን ዘጋበት!" አለ አንዱ ከኋላ።

አቤት የተነሳው ጫጫታ! አሁንም? ከታረቁ በኋላ? በሰው ሠርግ? ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ ሚክሰሩ ሄዱ። ኢሳያስ ሁለት እጁን አንስቶ ቁልፉን ያሳያል፤ ማን ይይለት። ማይኩ እኔ እጅ ነው፣ ይሠራል። አንድ ቃል ብናገርበት ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ኢሳያስ በሰዉ መሀል አየኝ፤ እኔም አየሁት። አንገቴን ጠመዘዝኩ። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ የተቀየመ ሰው እንደሚሄድ እየሄድኩ፣ ከድንኳኑ ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን ዞር ብዬ አየሁት። እጆቹን አውርዶ አጣምሯል፤ ከጢሙ ሥር ሳቅ አለች።

ሠርገኛው ሳይበተን ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ለእንጀራው ብላችሁ ለኢሳያስ እንዳትጨነቁ፤ ረጅም ንግግር የሚፈራ ሠርገኛ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ከእሱ ካልሆነ አልከራይም ይላል።

በማግስቱ ማለዳ፣ ፎቶ ቤቱን ከመክፈቴ በፊት፣ ወደ ጥልፍልፏ ክፍል ገባሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ገመዶቹ እንደነበሩ ናቸው፣ አቧራቸውም እንዳለ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ያ ማይክ ቀዳዳው ውስጥ ተመልሶ ተሰክቷል፤ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ በር ያያል። የማስቀምጥበት አጥቼ ነው ያለው ሰው፣ ይኸው ቦታውን አገኘለት። ተቀመጥኩ። ብዙ ላወራ ነበር፤ "እንደምን አደርክ" ብቻ አልኩት። መስመሩ ብድግ አለና ተመልሶ ተኛ። ከዚያ አንዲት ገመድ ነቀልኩ።

ይኸው ከኢሳያስ ጋር እስከ ዛሬ ተኳርፈናል፤ እግዜር ያቆይልን። ጋሽ ደምሴ ሰሞኑን እንደገና ሰው ማሰባሰብ ጀምረዋል ሲባል እሰማለሁና እሑድ እሑድ ከቤት መጥፋት አብዝቻለሁ። እናንተም ጂንካ ብቅ ብትሉ ጉርድ ፎቶ አነሳችኋለሁ፤ አትስቁም፣ አለቀ። ስትወጡ ግን የጎን ጎረቤቴን አይታችሁ አንጀታችሁ ከተላወሰ፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ። አታስታርቁን።